ለቤተሰብ ፊልም የገዛነው አነስተኛ ፕሮጀክተር፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

በቤታችን ቅዳሜ ማታ የፊልም ማታ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ራት ይነሳል፣ የሳሎኑ መጋረጃ ይዘጋል፣ የ11 ዓመቱ ወንድ ልጄ ፈንዲሻውን በሰፌድ ይዞ ይመጣል፣ የ7 ዓመቷ እህቱ ደግሞ ከአያቷ ጎን ያለውን ቦታ ማንም ሳይቀድማት ትይዛለች። ትልቁ አክሽን ይወዳል፤ ትንሿ የምትወደው አኒሜሽን፣ እሷ እንደምትለው ካርቱን ነው፤ ስለዚህ አንዱን ሳምንት የእሱን፣ ሌላውን ሳምንት የእሷን እናያለን። እስካለፈው ዓመት ድረስ ግን የምናየው በ32 ኢንች ቴሌቪዥን ነበር። አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት፣ ልጆቹ “እማማ” የሚሏቸው፣ ዓይናቸው ስለደከመ ከሶፋው ላይ ሆነው ምስሉን መለየት አይችሉም ነበር። እኛ ስንስቅ አብረው ይስቃሉ፣ ስንደነግጥ “ምን ሆነ?” ብለው ይጠይቃሉ፣ ጥቂት ቆይተውም ቀስ ብለው ተነስተው ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ። ፕሮጀክተር እንድንገዛ ያደረገን ከምንም በላይ ይህ ነው።

የገዛነው በአዲስ አበባ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚሸጡትን ዓይነት፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ በኤልኢዲ መብራት የሚሠራ ፕሮጀክተር ነው፤ 18,500 ብር ከፍለንበታል። አንድ ዓይነት ዕቃ የተለያየ ስም እየተለጠፈበት ስለሚሸጥ ስሙን ብጽፈው ለገዢ የሚጠቅም አይመስለኝም፤ የሚጠቅመው ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በትክክል ማንበብ ነው። በእኛ ካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል “4ኬ” እና “9,000 ሉመን” ተብሎ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው የምስል ጥራትን፣ ሁለተኛው የብርሃን መጠንን የሚናገር ነው። “4ኬ” የሚለው መሣሪያው በዚያ ጥራት የተሠራ ፊልም ተቀብሎ መክፈት ይችላል ለማለት ነው እንጂ በዚያ ጥራት ያሳያል ለማለት አይደለም። በመመሪያው ወረቀት ጀርባ በደቃቅ ፊደል እንደሰፈረው፣ የመሣሪያው የራሱ ጥራት 1280 በ720 ነጥብ (ፒክስል) ነው። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ስለሆነ የእኛው የዚያን ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ ከ4ኬ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ አንድ ዘጠነኛ ነው። የብርሃኑም ቁጥር እንዲሁ ነው። ደረጃውን የጠበቀው አለካክ አንሲ ሉመን ይባላል፤ የሚለካውም ምስሉ ካረፈበት ወለል ላይ ዘጠኝ ቦታ ተለክቶ አማካዩ ሲወሰድ ነው። ካርቶኑ ላይ “አንሲ” የሚል ቃል ከሌለ ቁጥሩን እንደ ማስታወቂያ መቁጠር ይሻላል። ሻጩን ተመልሼ ስጠይቀው “ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጽፈው” አለኝ። ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ምናልባት ያንኑ ዕቃ እገዛው ነበር፤ ነገር ግን ምን እንደምገዛ አውቄ በሆነ ነበር፤ ቅር ያሰኘኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያስቀመጥነው ቡፌው ላይ ነበር። ከግድግዳው 2 ሜትር ከ70 ሲርቅ 2 ሜትር ወርድ ያለው ምስል ሰጠን፤ በቴሌቪዥን አለካክ 90 ኢንች ገደማ መሆኑ ነው። ስፋቱ ሁላችንንም አስደነቀን፣ ምስሉ ግን ፈዘዘ። ከመሣሪያው የሚወጣው ብርሃን የተወሰነ ስለሆነ ምስሉ በሰፋ መጠን ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ይሳሳል። ፕሮጀክተሩን ከቡፌው አውርደን በሁለቱ ሶፋዎች መካከል ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አደረግነውና ወርዱን ወደ 1 ሜትር ከ60 ዝቅ አደረግነው። በዚህም ምስሉ የሚሸፍነው ቦታ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ሲቀንስ ድምቀቱ ከግማሽ በላይ ጨመረ፤ ከዚያ ወዲህ አልነካነውም። ቀጣዩ ችግር ግድግዳው ነበር። ክሬም ቀለም የተቀባ ስለሆነ ነጭ የሆነው ሁሉ ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። አንሶላ ብንዘረጋ እጥፋቱ በተዋንያኑ ፊት ላይ መስመር ያወጣል፣ በር በተከፈተ ቁጥርም ይወዛወዛል። በመጨረሻ ምስሉ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም ቀባነው፤ ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ ትንሹ ይህ ሲሆን ያመጣው ለውጥ ግን ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፕሮጀክተሩ ከግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ካልቆመ ምስሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። ይህን በሪሞት ማስተካከል ይቻላል፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያስተካክለው ምስሉን ቆርጦና አጥብቦ ስለሆነ ድሮም ጥቂት ከሆነው ነጥብ ላይ ይቀንሳል። ጠረጴዛውን ራሱን ማስተካከል ይሻላል።

አኒሜሽን ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የተሠራ ይመስላል። ቀለሙ ደማቅ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ትዕይንቱም በአብዛኛው ብርሃን የበዛበት ስለሆነ የመሣሪያው ድክመት አይታይም። የባሕር ታሪክ ስናይ ትንሿ ልጄ ተነስታ ግድግዳው ላይ የሚዋኘውን ዓሣ በመዳፏ ልትይዝ ሞከረች፤ ዓሣው በእጇ ጀርባ ላይ አልፎ ሄደ፣ ሰማያዊው ብርሃን ፊቷን ሞላው፣ እማማም “ያዢው፣ ያዢው!” አሉ። በቴሌቪዥኑ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን ሆኖ አያውቅም። ልጆች ወደ ምስሉ ሲጠጉ ጀርባቸውን ለመሣሪያው እንዲሰጡ መንገር ያስፈልጋል፤ ዞረው ሌንሱን በቀጥታ ካዩት ብርሃኑ ለዓይናቸው ኃይለኛ ነው።

አንድ ማታ መሣሪያውን ያለ ጥፋቱ ወቅሼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን “ስፓይደር ማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደር ቨርስ” የተባለውን አኒሜሽን እያየን ሳለ ልጄ “አባዬ፣ ይቆራረጣል” አለኝ። እውነትም ዋናው ገጸ ባሕርይ ማይልስ ሲሮጥና ሲወረወር ንቅናቄው ይነጥር ነበር። ፊልሙን የከፈትንበትን ላፕቶፕ አጥፍቼ አበራሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። በማግስቱ ስለ ፊልሙ አሠራር ሳነብ ግን ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ተረዳሁ። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳያል፤ የዚህ ፊልም ሠሪዎች ማይልስን በብዙ ትዕይንቶች ያንቀሳቀሱት በሴኮንድ 12 ጊዜ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ አቋቋሙ ለሁለት ምስል ያህል ይቆያል። ልምድ ያለው ሌላው ስፓይደር ማን፣ ፒተር ፓርከር፣ ግን ከአጠገቡ በ24ቱም ይንቀሳቀሳል። ማይልስ ገና ለሥራው አዲስ መሆኑን ያለ ንግግር የሚነግሩን በዚህ ነው። ይህን ለልጄ ስነግረው ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አየው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን በሚወነጨፉበት ቦታ ላይ አቁሞ እየመለሰ ልዩነቱን ለእህቱ አሳያት። ይህንኑ ፊልም ቀደም ሲል በትንሹ ቴሌቪዥን አይተነው ነበር፤ ያኔ ማናችንም አላስተዋልንም። በነገራችን ላይ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በምስሎች መካከል የራሳቸውን ምስል ፈጥረው እያስገቡ ንቅናቄን የሚያለሰልሱበት ማስተካከያ አላቸው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ስለሚያበላሽ በቴሌቪዥን የሚያዩ ሰዎች ቢያጠፉት ይመረጣል።

አክሽን ላይ ስንመጣ ፍርዴ ይከፈላል። በፀሐይ ብርሃን የሚካሄድ የመኪና ማሳደድ፣ በረሃ ላይ የሚነሳ አቧራ፣ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚደረግ ዝላይ፣ ይህ ሁሉ በግድግዳው ላይ ግርማ አለው። ሌሊት የሚደረግ ውጊያ ግን አይሆንም። የዚህ ዓይነት መሣሪያ ጥቁሩን ሲያሳይ ከጀርባ ያለው መብራት ሾልኮ ስለሚወጣ ጥቁሩ አመድማ ይሆናል፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ ከሌላ ጥቁር ልብስ ለባሽ ጋር ሲታገል ማን ማንን እንደጣለ አይታወቅም። ድምቀቱን ከፍ ማድረግ አመዱን ይበልጥ ያነጣዋል እንጂ አይረዳም። ከዚህም ሌላ ትልልቅ አክሽን ፊልሞች በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ቅርጽ ይልቅ ወደ ጎን ረዘም ብለው ስለሚቀረጹ ከላይና ከታች ባዶ መስመር ይተዋሉ፤ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ምስላችን ለፊልሙ የሚቀረው 67 ገደማ ብቻ ነው። ባዶው መስመርም ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ሆኖ ይታያል። እነዚህን ፊልሞች ስናይ ከላይና ከታች ጥቁር ጨርቅ እንሰቅላለን፤ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው፣ ዓይን ግን ወዲያው ያርፋል። ቤተሰቡ በአብዛኛው አክሽን የሚያይ ከሆነ፣ ጨለማ የሚበዛበትንም የሚመርጥ ከሆነ፣ በዚህ ገንዘብ ላይ ጨምሮ ጥሩ ቴሌቪዥን እንዲገዛ እመክራለሁ።

አሁን ስለ ድምፅ ልናገር፤ ከምስሉ በላይ ያደከመን እሱ ነው። የመሣሪያው ስፒከር ለዜና ይበቃ ይሆናል፣ ለፊልም ግን አይበቃም። ሰዎች ሲነጋገሩ አይሰማም፤ ሪሞት አንስተን ስንጨምር ፍንዳታ ይመጣና ትንሿ ጆሮዋን ትይዛለች፤ ስንቀንስ እንደገና ንግግሩ ይጠፋል። ምክንያቱ የፊልም ድምፅ ስድስትና ከዚያ በላይ ስፒከር ላለው ሲኒማ ቤት የሚቀናበር መሆኑ ነው። ንግግሩ በአብዛኛው ከመካከለኛው ስፒከር ይወጣል፣ ሙዚቃውና ፍንዳታው በሌሎቹ ይከፋፈላል፤ ሁሉም ተጨፍልቆ በአንድ ትንሽ ስፒከር ሲወጣ ንግግሩ ይዋጣል። ቤት የነበረውን የብሉቱዝ ስፒከር አገናኘነውና ድምፁ ወፈረ፤ ነገር ግን ሌላ ችግር መጣ። ብሉቱዝ ድምፁን አሽጎ ልኮ እስኪፈታ የሴኮንድ ጥቂት ክፍልፋይ ስለሚወስድበት ቡጢው ካረፈ በኋላ “ጧ” ይላል፣ አፍ ከተዘጋ በኋላ ቃል ይመጣል። ለሙዚቃ ማንም የማያስተውለው መዘግየት ለፊልም አይታገሡትም። መፍትሔው በ250 ብር የተገዛ የድምፅ ገመድ ሆነ፤ ከመሣሪያው የኢርፎን ቀዳዳ ወደ ስፒከሩ በቀጥታ ስናያይዘው ድምፅና ምስል ገጠሙ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ የወፍራሙ ድምፅ ንዝረት ወለሉን አልፎ ከታች ላለችው ጎረቤታችን ይደርስ ነበር። በማግስቱ ቡና ላይ በጨዋ አነጋገር ነገረችን። ስፒከሩን ከወለሉ አንስተን ወፍራም የስፖንጅ ቁራጭ ላይ አስቀመጥነው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም እንቀንሳለን፤ ከዚያ ወዲህ አልተቸገርኩም ብላናለች።

እማማ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ፕሮጀክተሩን ስንገዛ የፈራሁት ምስሉ ቢሰፋላቸውም ቋንቋው ያገላቸዋል ብዬ ነበር። ስምንቱ ወር ያስተማረኝ ግን አክሽንና አኒሜሽን ከሌላው ሁሉ ተለይተው ለእንደኛ ዓይነት ቤት የሚስማሙ መሆናቸውን ነው፤ ታሪካቸው በንግግር ሳይሆን በንቅናቄ የሚነገር ስለሆነ በ7 ዓመትና በ70 ዓመት መካከል ያለውን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይይዛሉ። አንድ ማታ ዋናው ሰው በገመድ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ገመዱም ክር በክር እየተበጠሰ ሳለ እማማ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። ልጄ አይቷቸው “እማማ አይፍሩ፤ አክተሩ አይሞትም” አላቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ “እሱስ አይሞትም፤ እናቱ ግን ያለበትን ታውቃለች?” አሉ። ንግግር ሲበዛ ልጄ እየተረጎመ ይነግራቸዋል። “እማማ፣ ይሄኛው ጓደኛው ነበር፣ አሁን ግን ትሬይተር ሆነ” ሲል እሳቸው “ከሃዲ በለው” ይሉታል፤ እሱም ቃሏን ይዞ እስከ ፊልሙ መጨረሻ ድረስ “ከሃዲው መጣ፣ ከሃዲው ሄደ” እያለ ይቀጥላል። የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ አማርኛውን እንዲህ ባለ ቦታ ሲያገኝ ማየት ከመሣሪያው ያልጠበቅሁት ነገር ነው።

ይሁን እንጂ አስተርጓሚ የማያስፈልገው ፊልም የተለየ ዋጋ አለው። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ አዋቂው ተመልካች ምን ያህል እንደተቀበለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ለልጆች የሚሆኑ ረጅም አኒሜሽኖች ግን በአማርኛ ድምፅ እንደ ልብ አይገኙም። በዚህ መካከል አገር ውስጥ የተሠራውን “ጥበብ ገርልስ” የተሰኘ ተከታታይ አኒሜሽን አንድ ቅዳሜ ከፈትን። ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ሴቶች ልጆችን የሚጎዱ ልማዶችን የሚታገሉበት ሥራ ነው። ያን ማታ ልጄ የሚተረጉመው አጥቶ ዝም አለ፤ እማማ ግን ከልጃገረዶቹ ጋር እየተነጋገሩ፣ “ደግ አደረግሽ!” እያሉ እስከ መጨረሻው አዩ። አክሽን ነው፣ አኒሜሽንም ነው፣ በራሳችን ቋንቋም ነው፤ እንዲህ ያለው እንዲበዛ ከልቤ እመኛለሁ።

ፊልሙን ወደ መሣሪያው ስለማድረስ ጥቂት ልበል። ፕሮጀክተሩ ፍላሽ ይቀበላል፤ ሆኖም ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይዝም፤ ስለዚህ ትልቅ ፊልም “አልገባም” ቢል ፍላሹ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ በኮምፒውተር ላይ በሌላ አሠራር ፎርማት ማድረግ ይበቃል። ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ ወይም ድምፅ ኖሮ ምስል ከሌለ መሣሪያው ፊልሙ የታሸገበትን መንገድ መፍታት አልቻለም ማለት ነው፤ እኛ ይህን ሁሉ ለማለፍ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ እናገናኛለን። ሰፈር ውስጥ ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች ርካሽ ናቸው፤ ግን የሠሪዎቹ ፈቃድ የሌለበትን ፊልም እያባዙ መሸጥ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው፤ ልጆቼም ፊልም የብዙ ሰው ድካም መሆኑን እያወቁ እንዲያድጉ ስለምፈልግ ትተነዋል። በኢንተርኔት ለሚያይ ሰው ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚገልጸው በኤችዲ ጥራት የሚታይ ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ዳታ ይወስዳል፤ ጥራቱ 720 ለሆነ መሣሪያ ከዚያ በላይ ለሚወስድ ጥራት መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው።

ማራገቢያው ይጮኻል፤ ዝምታ ባለበት ትዕይንት ላይ በግልጽ ይሰማል፣ በአክሽን ላይ ማንም አያስታውሰውም። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይጠፋል፣ ሲመጣ ግን አንዳንዴ በኃይል ስለሚመጣ ከመቆጣጠሪያ ጋር በተሠራ ዲቫይደር ላይ እንሰካዋለን፤ መብራት ሲጠፋም ቀድመን እንነቅላለን። በበጋ አቧራ ወደ ውስጥ ገብቶ በስድስተኛው ወር በምስሉ ቀኝ ጥግ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ታየ፤ ጠጋኝ ከፍቶ ጠረገው፤ አሁን ሳንጠቀምበት በጨርቅ ሸፍነን እናስቀምጠዋለን።

ምስሉ ሲሰፋ የሚያስፈራውም አብሮ ይሰፋል። በአሜሪካ የፊልም ደረጃ አሰጣጥ “ፒጂ 13” የሚለው ለ13 ዓመት ያልደረሱ ልጆች ወላጅ በብርቱ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስብ ሲሆን ብዙዎቹ ታዋቂ አክሽን ፊልሞች በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። በትንሹ ቴሌቪዥን ቸል የምትለውን ጭራቅ ትንሿ ልጄ በግድግዳው ላይ ስታየው ሌሊቱን አልተኛችም፤ ከዚያ ወዲህ የልጄን ምርጫ እኔና ባለቤቴ ሐሙስ ማታ ቀድመን እናየዋለን።

ልትገዙ ያሰባችሁ የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ በውስጡም ጨለማ የሚበዛበት የአክሽን ትዕይንትና ጽሑፍ ያለበት አንድ ምስል ይኑር። ጽሑፉ መካከል ላይ ጥርት ብሎ ጥጎቹ ላይ ከደበዘዘ ሌንሱ ደካማ ነው። ከዚያ የሱቁ መብራት እንዲጠፋላችሁ ጠይቁ፣ ስፒከሩንም ከሦስት ሜትር ርቃችሁ ስሙት። ሻጩ እሺ ካለ መሣሪያውን ለአሥር ደቂቃ ያህል እየሠራ ተዉት፤ ማራገቢያው የሚጮኸው ሲሞቅ ነው።